በፔኪንግ የበላነው በግ

ቦሌ አራብሳ ከምኖርበት የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ጀርባ መንገድ የሚሠሩት ቻይናዎች በቆርቆሮ ያጠሩት ካምፕ አለ፤ ጠዋት ጠዋት እግሬን ለማፍታታት ስወጣ በአጥሩ ሥር ነው የማልፈው። ባለፈው ሳምንት ከዘራዬን ይዤ እንደ ልማዴ ስደርስ ወጥ ሠሪያቸው የበግ አጥንት ከዝንጅብልና ከአቼቶ ጋር እየቀቀለ ኖሮ፣ ሽታው በቆርቆሮው ስንጥቅ ሾልኮ አፍንጫዬን ሲያገኘው እግሬ ቀጥ አለ። ከልጅ ልጄ ብዙም የማይበልጠው ዘበኛ «አባባ፣ ደከመዎት እንዴ?» አለኝና ብሎኬት ጎትቶ አስቀመጠኝ። አልደከመኝም ነበር። ሰው ሲደክመውና ሰው በአንድ ሽታ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ሲወሰድ ፊቱ አንድ ዓይነት ነው መሰለኝ፤ ይህን ለልጁ ማስረዳት ስለማይቻል ብሎኬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ያ ሽታ ለሌላ ሰው የቻይና ምግብ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የልጄ የሰናይት ልጅነት ነው፣ የእህቴም ኩርፊያ ነው። ሁለቱ እንዴት አንድ ድስት ውስጥ እንደገቡ እጽፋለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ያለፈውን ሲያወራ መጨረሻው ላይ ጸጸት እንዲያመጣ ይጠበቅበታል። ከእኔ አትጠብቁ። ያደረግኩትን ዐውቄ ነው ያደረግኩት፤ ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ ያንኑ እደግመዋለሁ።

የእኔ ትምህርት ቤት የጭነት መጋዘን ነበር። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በተሸካሚነት ስገባ ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ዕውቀት አልነበረኝም፤ እንግሊዝኛን የተማርኩት ከሳጥን ላይ ነው፤ የትኛው ወገን ወደ ላይ እንደሚሆን፣ የትኛው ዕቃ እንደሚሰበር፣ የትኛው ከፀሐይ መራቅ እንዳለበት የተጻፈውን አንድ አንድ ቃል እየጠየቅኩ፣ ከዚያም ዕቃ ተጠቅልሎበት የመጣውን አሮጌ ጋዜጣ በእጄ እያቀናሁ እያነበብኩ። ከተሸካሚነት ወደ መዝጋቢነት፣ ከመዝጋቢነት ወደ ጭነት ተቆጣጣሪነት ወጣሁ። ማንም ስላላስተማረኝ ማንም አያዘኝም የሚል ክፉ ኩራት ነበረብኝ፤ ዛሬም አልለቀቀኝም። ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ግን ይህ ኩራት አንዳንድ ጊዜ ከትምህርት ይልቅ ይጠቅማል።

ቤታችን ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር በስተምሥራቅ ነበር። ዛሬ ቦሌ ሲባል ለሰው የሚታየው ፎቅና መስተዋት ነው፤ ያኔ ከእኛ ቤት ወዲያ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ማሳው ዳር የሚግጡት ላሞች አውሮፕላን በራሳቸው ላይ ሲያልፍ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም ነበር። ቤቱ ጭቃ ነው፤ ደጃፉ ሥር ለመርገጫ ያስቀመጥኩት ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነበረው፤ ክረምት ላይ ሰው ሁሉ የጫማውን ጭቃ እሱ ላይ ሳያራግፍ አይገባም። አጥር የምንጋራቸው አቶ ሰይድ ደግሞ ከወሎ የመጡ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ባለሱቅ ነበሩ። ስኳር፣ ሳሙናና ላምባ ከሚሸጡበት ጠረጴዛ በላይ በወርቅማ ቀለም የተጻፈ የዐረብኛ ጽሑፍ ተሰቅሎ ነበር፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ደንበኞቻቸው «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው ሲገቡ እየሰማሁ፣ እኔም እያለፍኩ ሰላምታውን ከእነሱ ጋር መቀባበል ለምጄ ነበር።

በሁለታችን ቤት መካከል ያልቀላቀልነው አንድ ነገር ቢኖር ሥጋ ነው። እሳት እንዋዋሳለን፣ ልጅ እንጠባበቃለን፣ ለቅሶ አብረን እንቀመጣለን። በአረፋ ግን አቶ ሰይድ የእኛን በግ በሕይወቱ ይልኩልንና በስመ አብ ብሎ የሚባርክ ሰው ያርደዋል፤ በፋሲካ እኛም ለእነሱ እንዲሁ እናደርጋለን። ማንም አይቀየምም። እስላም ያረደውን የበላ ክርስቲያን ሃይማኖቱን እንደለወጠ ይቆጠር ነበር፤ በዚያም ወገን እንደዚያው። ይህ ሕግ በየትኛው ወረቀት እንደተጻፈ አላየሁም፤ አብዮቱ ስንቱን የተጻፈ ሕግ ሲሽር ግን ይህን ያልተጻፈውን አልነካውም።

ሰናይት አፏን ሳትፈታ ባለቤቴ ሞተችብኝ። እኔን ራሴን ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ ነበረች፤ የራሷ ልጅ የላትም፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ መኖሪያዋ ከእኛ ቤት የአንድ መንደር መንገድ ነው። እኔ መጋዘን ስውል ልጅቷ እሷ ጋ ትውላለች፤ ማታ እወስዳታለሁ። ሰናይት ትምህርት ቤት የምትገባበት ዓመት ሲደርስ መሥሪያ ቤቴ ወደ ፔኪንግ መደበኝ፤ አውሮፕላናችን እዚያ ሲያርፍ ጭነቱን የሚቀበልና የሚልክ ሰው ተፈልጎ ነው። ያኔ ቤጂንግን ፔኪንግ ነበር የምንላት። እትዬ አስካለ ልጅቷን ትተህ ሂድ አለች፤ አለች ከምል አዘዘች ብል ይሻላል። መንደሩ በሙሉ ከእሷ ጋር ቆመ። ወንድ ልጅ ሴት ልጅ አያሳድግም፣ ያውም በሰው አገር፣ ያውም ፊደሉ እንኳ በማይታወቅ አገር ተባለ። የመውጫ ወረቀቴ ላይ ማኅተም የሚመታው የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር ማኅተሙን በአየር ላይ ይዞ ምክሩን ለገሰኝ። እኔ ግን እናቷን በፎቶግራፍ የምታውቅ ልጅ አባቷን በፖስታ አታውቀውም አልኩ፤ ይዣት እንደምሄድ ተናገርኩ።

እትዬ አስካለ አኮረፈች፤ ኩርፊያዋ ሲበርድ በሶ፣ ድርቆሽና ሽሮ በከረጢት ሞልታ መጣች። ልጅቷንም ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ የአሳማ ሥጋ እንዳትነካ አስማለቻት። ሌላ ነገር ማስማል አላስፈለጋትም። በቻይና ምድር በዓለም ላይ ካለው አደጋ ሁሉ የታያት እሱ ብቻ ነበር።

ፔኪንግ የደረስነው ብርዱ ሊገባ ሲል ነው። ጥቅል ጎመን እንደ ማገዶ በየእግረኛው መንገድ ተከምሮ፣ አየሩ ከሰል ከሰል እየሸተተ፣ ሰው ሁሉ በብስክሌት እንደ ጎርፍ ሲያልፍ፣ ሰናይት እጄን ይዛ «አባባ፣ መኪናቸው የት ሄደ?» አለችኝ። የውጭ ሰዎች ብቻ በሚኖሩበት ግቢ አምስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ሰጡን። ቻይናዎቹ ቀኑን ሙሉ ከፔርሙዝ የፈላ ውኃ ባዶውን ይጠጣሉ፤ ልጄ ሻይ ቅጠል ያጡ ድሆች መስለዋት ካመጣነው እንድንሰጣቸው ለመነችኝ። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ጸጉሯን ይነካል፤ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ በኋላ ግን የነካትን ሰው ጎንበስ አድርጋ እሷም በተራዋ የእሱን ጸጉር መንካት ጀመረች፤ ነገሩ እኩል ስለሆነላት ለቅሶው ቀረ። ያንን ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም። ባስተምራት ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ጸጉሯን መሥራት የእኔ ሥራ ሆነ። ከዚያ በፊት ጠፍሬ የማውቀው ጭነት ብቻ ስለነበር ጭነት እንደምጠፍር ጠፈርኩት፤ አልተፈታም፤ ልጅቷ ግን ዓይኗን መክደን አቃተኝ ብላ እስክታማርር ድረስ ገተርኩት። የተማርኩት ለአንድ ሳር ቤት ክዳን ማሰሪያ የሚበቃ ገመድ በመለማመድ ካበላሸሁ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። ሌላው ነገር ደግሞ የቀትር እንቅልፋቸው ነው። ከምሳ በኋላ አገሩ ጭጭ ይላል፤ ተማሪዎች ጭንቅላታቸውን ዴስክ ላይ ደፍተው ይተኛሉ። ቀን የሚተኛ ሰው ወይ በሽተኛ ነው ወይ ሰነፍ ነው ብዬ ያሳደግኳት ልጅ በመጀመሪያው ቀን እየሮጠች መጥታ ክፍሏ በሙሉ እንደታመመ ነገረችኝ። አስተማሪዋም ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ ሌሎቹን እየጠበቀች እንደምትውል ነገረችኝ። እንዲህ እንዲህ እያልን እንለምደው ጀመር፤ እኔ በቁጣ፣ እሷ በሳቅ።

ያልለመድነው ምሳውን ነበር። ትምህርት ቤቱ የውጭ ሰዎችን ልጆችም የሚቀበል ሲሆን ለእያንዳንዱ ልጅ ነጭ ቅብ የቆርቆሮ ሳህን ይሰጣል፤ ሳህኑ ውስጥ የሚገባው ግን በአብዛኛው አሳማ ነው። ሰናይት መሐላዋን አልረሳችም፤ ሳህኗን በእጇ ከድና ትቀመጣለች። ጥቂት ቀን እንደቆየ የትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ጠራችኝ። እንግሊዝኛዋ ከእኔ እንግሊዝኛ ጋር የሚመጣጠን ትሑት ወጣት ነበረች። የአሳማ ሥጋ እንደማንበላ ነገርኳት። ትልቅ ነገር እንደገባው ሰው ራሷን ደጋግማ ነቀነቀች፤ በማግስቱ ሰናይት በመስኮቱ አጠገብ ወዳለች ትንሽ ገበታ ተዛወረች። ማታ ስትመጣ ጉንጯ በርቷል። በግ በላሁ አለችኝ፤ መረቁ ዝንጅብል ዝንጅብል ይላል፣ ነጭ ቆብ ያደረጉት ሽማግሌ ወጥ ሠሪ ለእኔ አጥንቱን መርጠው ይሰጡኛል አለችኝ። የአክስትሽ ጸሎት ነው ብዬ ወደ ላይ አየሁ።

ወሩ እየገፋ፣ ልጅቷ እየወፈረች ሄደች። ብርዱ ሲጠና ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ለግብዣ ጠራ። ገብቼ ልጄን በዓይኔ ስፈልግ ትንሿ ገበታ ላይ አገኘኋት፤ ከገበታዋ በላይ ደግሞ አቶ ሰይድ ሱቅ ውስጥ ስንት ዓመት ያየሁት ያ ጽሑፍ፣ ያው ፊደል፣ ተሰቅሏል። እግሬ ሳይንቀሳቀስ ሽማግሌው በነጭ ቆባቸው መጡ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አሰላሙ ዓለይኩም» አሉኝ። አንደበቴ ከልቤ ቀደመ። የአቶ ሰይድ ደጃፍ ያለሁ ይመስል «ወዓለይኩም ሰላም» ብዬ መለስኩ። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ከስንት አገር አቋርጦ የመጣ የሃይማኖት ወንድም ያገኙ መስሏቸው አቀፉኝ። በዚያ አገር አሳማ የማይበላ ሰው ሙስሊም ነው፤ ሌላ ዓይነት ሰው አያውቁም። እኔ ደግሞ በገዛ አፌ አጸናሁላቸው።

ያን ዕለት ቤት ገብተን ልጄን ፊቴ አስቀምጬ ሥጋውን እንዳትበላ አዘዝኩ፤ ዳቦውንና ጎመኑን ብቻ ብዪ አልኩ። ለምን አለችኝ። ለምን እንደሆነ ነገርኳት። አልተከራከረችም፤ ታዛዥ አድርጌ ነበር ያሳደግኳት። ሥጋውንም አልበላችም፤ በሥጋ መረቅ የበሰለ ነው ብላ ጎመኑንም ተወችው። ከእኔ ይልቅ ሕጉን አጠበቀችው። እኔ ከቤት የምቋጥርላትን ሽሮ ደግሞ እዚያ ሲደርስ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ሽማግሌው ወጥ ሠሪ ሥጋው ተበላሽቶባት እንደሆነ ብለው አንድ ቀን ሳህኑን ይዘው አስተርጓሚዋ ጋ ሄደው ጠየቁ አሉ። ልጄ ከሳች። አንድ ጠዋት በረዶ ላይ ተሰልፈው ጂምናስቲክ ሲሠሩ ወደቀች።

ሐኪሙ በሽታ የለባትም፣ ምግብ ስጧት አለ። ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ቢሯችን ደረሰ። ኃላፊያችን፣ ጓድ ብለን የምንጠራው ሰው፣ በዚያ ዘመን እንደነበሩት ብዙ ሰዎች ቃሉን ሁሉ ከመድረክ ላይ እንደሚናገር ሰው የሚያሰማ ነበር። ይህ መሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ አይደለም፣ በኋላ ቀር አስተሳሰብ ልጅ አይገደልም፣ በሚቀጥለው አውሮፕላን ወደ አክስቷ ትላክ አለኝ። ይህ ሰው ከጥቂት ሳምንት በፊት ቻይናዎቹ በግ የሚቀቀልበት የሙስሊሞች ምግብ ቤት ሲጋብዙን ጎመን ብቻ ሲያነሳ ያመሸ፣ ለምን ቢባል ጨጓራዬን አሞኝ ያለ ሰው ነው። «ጓድ፣ ጨጓራዎ ተሻለዎት?» አልኩት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አውሮፕላኑ እስኪመጣ ልጅቷ ካገገመች ትቆይ፣ ካላገገመች ግን የመመለሻ ወረቀቷን ራሴ እፈርማለሁ አለ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር። ሕጌን ብጠብቅ ልጄን አጣለሁ፤ ልጄን ብጠብቅ ሕጌን። ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ዐዋቂ ይጠይቃል፤ በፔኪንግ የሚጠየቅ ቄስ አልነበረም። ብቻዬን አሰብኩት። የሰው ልጅ የሚያከብረው ሥርዓት ሊኖረው ይገባል፤ ሥርዓት የሌለው ቤት አጥር የሌለው ጓሮ ነው፤ ይህን ዛሬም እላለሁ። ነገር ግን ሥርዓቱን የምጠብቀው እኔ ስሆን የምትራበው እሷ ከሆነች፣ እየጾምኩ ያለሁት በልጅ ሆድ ነው። በሌላ ሰው ሆድ መጾም ጽድቅ ነው የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። የመስኮቱ ገበታ ለልጆች የተሠራ ስለነበረ ጉልበቴ አገጬ ጋ እስኪደርስ ታጥፌ ከሰናይት አጠገብ ተቀመጥኩ። መዋሸት አልፈለግኩም፤ አስተርጓሚዋን ጠርቼ ለሽማግሌው እኛ ሙስሊሞች እንዳልሆንን፣ ክርስቲያኖች እንደሆንን፣ ያን ዕለት ሰላምታቸውን የመለስኩት ጎረቤቴ ሙስሊም ስለሆነ በልማድ እንደሆነ እንድትነግርልኝ ጠየቅኳት። ሽማግሌው ሰሙና ልጅቷን አዩ። ከዚያ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። አስተርጓሚዋ ፈራ ተባ እያለች፣ «ርቧታል ወይስ አልራባትም ነው የሚሉት» አለችኝ።

ርቧታል አልኩ። ሁለት ሳህን ሞልተው አመጡ። በዚያ ሁሉ ሕፃን ፊት በግልጽ አማተብኩና ቀድሜ እኔ ጎረስኩ፤ ከዚያ ወደ ልጄ ዞርኩ።

«ብዪ። ኃጢአት ከሆነ የሁለታችንም በእኔ ላይ ይጻፍ።»

በላች። እንዴት እንደበላች አልነግራችሁም፤ ወላጅ የሆነ ሰው ያውቀዋል። አውሮፕላኑ ሲመጣ ጭነቱን አራግፌ ሌላ ጭኜ መለስኩት፤ ሰናይት በውስጡ አልነበረችም። ከዚያ ወዲያ የሥራ ጊዜዬ እስኪያልቅ ድረስ ልጄ በዚያ ገበታ በላች፤ እኔም ሥራ ሲፈቅድልኝ እየሄድኩ ጉልበቴን አጥፌ አብሬያት እበላ ነበር። ሽማግሌው ከዚያ ቀን በኋላም «አሰላሙ ዓለይኩም» ማለታቸውን አልተዉም፤ እኔም መመለሴን።

ወደ አገራችን የተመለስነው መስከረም ሲጠባ ነው፤ ማሳው ዳር አደይ ፈንድቷል። መንደሩ ደጃችን ላይ ተሰበሰበ። እትዬ አስካለ ልጅቷን አገላብጣ ሳመች፤ ቁመቷን ለካች፤ የሠራሁትን ጸጉር ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችና ምንም አላለችም፤ ከእሷ ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው። ወዲያው አቶ ሰይድ ቀንዱ የዞረ ሙክት በገመድ እየጎተቱ በአጥሩ በር ገቡ። እንኳን ደህና መጣችሁ ብለው ገመዱን ሰጡኝና፣ የሚያርድ ክርስቲያን ልጥራ ብለው ዞር ሲሉ ሰናይት እጃቸውን ያዘች። እሷ እሳቸውን ለማስደሰት ብላ ነው።

«አባባ ሰይድ፣ ሙክቱን እርስዎ ይረዱልን። እኛ እኮ ቻይና የእናንተን ነው የምንበላው።»

ጉድ ነው፤ ቃሏን የሚሸፍን አንድም የሚያልፍ አውሮፕላን አልነበረም። ሁሉም እኔን አየ። ልጅ ናት፣ ምኑን ታውቀዋለች ብዬ በሳቅ ማለፍ እችል ነበር፤ አቶ ሰይድም እንደዚያ እንድል በዓይናቸው ሲለምኑኝ አይቻለሁ። ግን ያ ልጄን በሰው ፊት ውሸታም ማድረግ ነው። እውነቷን ነው፣ በልተናል አልኩ።

ቀድመው የተናገሩት አቶ ሰይድ ናቸው። ጎንበስ ብለው፣ «የኔ እናት፣ እዚያ ዘመድ አልነበራችሁም፤ ያገኛችሁት ሰው አበላችሁ፤ ደግ አደረገ» አሏት። «እዚህ ግን አራጅ ሞልቶ እኔ ካረድኩ ነገ አክስትሽን የምታስቀይሚው አንቺ ነሽ። ቢላዋውን ለእነሱ እንተውላቸው።» ሰውየው ነቀፌታውን ሁሉ ከእኔ ላይ አንስተው በራሳቸው ደግነት ሊከድኑት ነው የፈለጉት። እህቴ ግን አልተከደነችም። ነጠላዋን አስተካክላ ፊቴ ቆመች።

«አገር ለአገር ስታዞራት ዝም አልኩህ። ሃይማኖቷን ስታዞር ግን ዝም አልልም። ልጅቷን ስጠኝ።»

«የበላሁት እኔ ነኝ፣ ያበላኋትም እኔ ነኝ እትዬ» አልኩ። «ልጄ ከዚህ ቤት አትወጣም።»

እትዬ አስካለ ከእኔ ጋር መነጋገሩን ተወችና ወደ ልጅቷ ዞረች። ከእኔ ጋ ነይ፣ አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው፣ እዚህ የሚያጥብሽ እንኳ የለም አለቻት። ሰናይት አክስቷን ትወዳታለች፤ ልቤ ያን ጊዜ እንዴት እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። ልጅቷ አሰበች፤ ከዚያ የተጠየቀችውን እንደ ትምህርት ቤት ቆማ መለሰች።

«የኔንም ኃጢአት የያዘው አባባ ነው። ብቻውን ትቼው አልመጣም።»

እህቴ በአጥሩ በር ወጣች። ሙክቱን ያን ቀን ማንም አላረደውም።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ የሆነውን ነገርኳቸው። ስግደትና ጾም አዘዙኝ፤ ተቀበልኩ፣ ፈጸምኩም። ተጸጽተሃል ወይ ሲሉኝ ግን አልተጸጸትኩም አልኳቸው፤ ልጅቷ ነገ እንደገና ብትወድቅ እንደገና እበላለሁ። ታዲያ ስግደቱ ለምንህ ነው አሉኝ። እርሱን እርስዎ ያውቃሉ፣ እኔ ያዘዙኝን ፈጽሜያለሁ አልኩ። ሽማግሌው ቄስ መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ቤተ ክርስቲያን ይቅር ስትለኝ እህቴ ግን ይቅር አላለችም፤ ከቄሱ ይልቅ እሷ ትከብድ ነበር።

በተከታዩ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በሩን ስከፍት እትዬ አስካለ አገልግል ይዛ ያ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ግቢ አልኳት። «ፀሐዩ እዚህ ይሻለኛል» አለችና ሰናይትን ጠራች። አገልግሉን ከፍታ ልጅቷን አበላቻት፣ ራሷም በላች፣ ጸጉሯን ፈትታ በራሷ እጅ ደግማ ሠራቻት፣ ተነስታ ሄደች። በሚቀጥለውም እሁድ እንዲሁ። ክረምት ሲገባ ፀሐዩ ይሻለኛል ማለት ስለማይቻል ጃንጥላ ይዛ መጣች፤ ሰናይት ጃንጥላውን ደግፋላት ዝናቡ ከዳር ዳር እየተንጠባጠበ ይበላሉ። እኔም ቆይቼ የራሴን ሳህን ይዤ ከመቃኑ በስተውስጥ መቀመጥ ጀመርኩ። እሷ በውጭ፣ እኔ በውስጥ፣ ልጅቷ በመሐል፤ በአንድ በር ሁለት ገበታ ሆነ። ወጄን ሳትቀምስ ጨው በዝቶበታል ትለኛለች፤ በምን ዐወቅሽ ስላት በሽታው ትላለች። አቶ ሰይድ ሱቃቸውን ዘግተው ሲያልፉ ቆም ብለው ያዩንና፣ ይቺ ደጃፍ ከቀበሌው የተሻለ ስብሰባ ታውቃለች ብለው እየሳቁ ያልፋሉ።

መንግሥት ተለወጠ፤ ሰናይት አደገች፣ ተዳረች፣ ወለደች፤ እህቴ እሁዷን አላጓደለችም። እስክትሞት ድረስ ከቤቴ ከውኃ በቀር አልቀመሰችም፤ መድረኩንም አልተሻገረችም። እኔም ተሳስቻለሁ ግቢ ብዬ አልለመንኳትም። ሁለታችንም ከአንድ አባት ነን።

ዛሬ ያ መንደር የለም። መንገድ ሊሰፋ ሲል ተነሳን፤ አቶ ሰይድ ቀደም ብለው ዐርፈው ነበር፣ ልጆቻቸው በየአቅጣጫው ሄዱ፣ እኔ በዕጣ ቦሌ አራብሳ አራተኛ ፎቅ ደረሰኝ። ቤቱን ሊያፈርስ የመጣው የማሽን ሹፌር ቻይና ነበር። በቀረችኝ ጥቂት ቻይንኛ ቀስ በል አልኩት፤ ደንግጦ ከማሽኑ ወርዶ ሳቀ፤ ከዚያ ያን ድንጋይ በማሽኑ ጥርስ እንደ እንቁላል አንስቶ ዳር ላይ አኖረልኝ። እኛ ሄደንባቸው ነበር፣ እነሱ ደግሞ መጡብን፤ ክፉ አላየሁባቸውም።

ለሰናይት ስለ ካምፑ ሽታ ባለፈው እሁድ ነገርኳት። የበጉን ጣዕም ረስታዋለች፤ ቻይንኛውም ጠፍቷታል፤ ከዚያ አገር የቀረላት የሽማግሌው ነጭ ቆብና የመስኮቱ ውርጭ ብቻ ነው። የአክስቷን ጃንጥላ ግን ቀለሙን ሳይቀር ነገረችኝ። እኔም የጎደለኝን ያን ጊዜ ለካሁት። እህቴ ትክክል ነበረች አልልም፤ አልነበረችም። ነገር ግን እንደ እሷ አድርጎ የሚጣላ ሰው ጠፋ። በእኔው ፎቅ ላይ ያሉ ሁለት ቤተሰቦች፣ አንዱ ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም፣ በስልክ ላይ ባዩት ነገር ተጣልተው ደረጃ ላይ ሲገናኙ ግድግዳ እንዳየ ሰው ይተላለፋሉ። ዛሬ የተቀየመ ሰው ቁጥርህን ይዘጋል፤ ምግቡን ይዞ ደጅህ ላይ አይቀመጥም።

ድንጋዩን የቀን ሠራተኞች እየተቀባበሉ አራተኛ ፎቅ አውጥተውልኝ አሁን ከበሬ አጠገብ፣ ከውጭ በኩል ነው። የሕንፃው ኮሚቴ ሁለቴ መጥቶ አንሱ ብሎኛል። መተላለፊያ ይዘጋል አሉ፤ አይዘጋም። ደግሞም የሚቀመጥበት ሰው የለም፣ ምን ያደርግልዎታል አሉኝ። የሚቀመጥበት ሰው እንደሌለ ከእነሱ ይልቅ እኔ ዐውቃለሁ።

አላነሳውም።